በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ስለሚታየው አውቶሞቢል

ፎቶግራፍ የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው አንሺው እንዲታይ በወደደው ነገር ላይ ነው። የአሮጌ አውቶሞቢል ፎቶግራፍ በእጁ የገባለት እንደ ሆነም መጀመሪያ መኪናውን ያያል፤ የፋብሪካውን ስም ይጠይቃል፤ የፋኖሱን ትልቅነትና የጎማውን ቅጥነት ያደንቃል፤ «ይህ የእገሌ መኪና ነበር» ሲባል ሰምቶ ገጹን ይገለብጣል። ዳሩ ግን በዚያው ወረቀት ላይ ከመኪናው ግራና ቀኝ ብዙ ነገር ሳይነበብ ይቀራል። መንገድ አለ፤ ጭቃ ነው ወይስ ድንጋይ የተነጠፈበት? የቆሙ ሰዎች አሉ፤ ወደ መኪናው ቀርበዋል ወይስ ርቀዋል? ወደ ዳር በቅሎ ትታያለች፤ ባለቤቷ ልጓሟን አጥብቆ የያዘው ደንግጣ ነው ወይስ ለምዳ ስለ ነበር ችላ ብሎ ለቋታል?

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ነገር አንድ ነው። የአሮጌ መኪና ፎቶግራፍ ትልቁ ፍሬው መኪናው የማን እንደ ነበረ ማስረዳቱ አይደለም፤ ሰዎች ከመኪናው ጋር እንዴት እንደ ኖሩ ማሳየቱ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሰብስቦ የሚያሳትም፣ ወይም በቤቱ በአልበም የሚያኖር ሰው፣ ከመኪናው ስም አስቀድሞ የመንገዱን፣ የሰፈሩንና በዳር የቆመውን ሰው ነገር ሊጽፍ ይገባዋል እንላለን። ምሳሌያችንንም ይልቁን ከቂርቆስና ከካዛንችስ እናመጣለን፤ በዚያ ሰፈር ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነገር አይደለምና። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ የካዛንችስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። ቤቱና አጥሩ በሌለበት ስፍራ አጥሩ የት እንደ ነበረ የሚመሰክረው በአጥሩ ፊት ቆሞ የነበረው መኪና ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የነገሩን መጀመሪያ እናስታውስ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ «ሲድሊ» በተባለ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ከእርሱም በኋላ ብዙ ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ «ናከ» የተባለውን የአገሩን መኪና ይዞ መጣ። የቤንትሊን ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሓፊ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ደስ የሚላቸውና አሠራሩን መርምረው ለማወቅ የሚተጉ ንጉሠ ነገሥት ስለ ነበሩ መኪናውን በክብር ተቀበሉት፤ ተቀመጡበትም። የውጭ አገር ጸሓፊዎች ይህን ሲያወሩ ነገሩን ሁሉ የማሽኑ ድል አድርገው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ያ መኪና በመጣበት ዘመን ከባሕር እስከ ዋና ከተማው ለመኪና ተብሎ የተጠረገ መንገድ አልነበረም፤ የነበረው የግመልና የበቅሎ ጐዳና ነው። እንግዲህ የዚያን ዘመን መኪና በፎቶግራፍ ላይ ስናይ ልንጠይቅ የሚገባን «ስንት የፈረስ ጉልበት ነበረው?» ብቻ ሳይሆን «መንገድ በሌለበት በማን ጉልበት እዚህ ደረሰ?» የሚለውንም ነው።

ከዚህ ላይ የፎቶግራፍን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ መሣሪያ የሚሮጠውን ነገር አጥርቶ ለመያዝ ይቸገር ነበር። የቆመው ጠርቶ ይታያል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ደብዝዞ እንደ ጢስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች መኪናው ሁልጊዜ ቆሞ የምናየው፣ የተቀመጡበትም ሰዎች አንገታቸውን አቅንተው እንደ ሐውልት የምናያቸው፣ በዘመኑ መኪና የማይሄድ ስለ ነበረ አይደለም፤ መሣሪያው «ቁም» ስላለ ነው። ከእነዚህ ፎቶግራፎች ተነሥቶ «መኪና በጥንት ጊዜ ለክብር ብቻ የሚቆም ጌጥ ነበር» ብሎ የሚፈርድ ሰው የመሣሪያውን ድካም የሰው ልማድ አድርጎ ይቈጥራል። ከሥዕሉ ዳር የሚታየው ያ ጢስ የመሰለ ነገርም ብዙ ጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ሰው ቆሞ ሲነሣ እርሱ ሥራውን ያላቋረጠ ተሸካሚ ወይም መኪናውን ለማየት እየሮጠ የመጣ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ልናውቀው የሚገባን ነገር አንሺው ማን እንደ ነበረ ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሆኑት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቹ ስማቸው የታወቀ ነው። የእነዚህ ሥራ የተከበረውን ሰው በተከበረ አኳኋን ማሳየት ነበር፤ ሥራቸውንም አሳምረው ሠርተዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን በያዘው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የእነዚህና የውጭ አገር መንገደኞች ሥራ ተሰብስቦ ይገኛል። መጽሐፉ የሚያስመሰግን ነው፤ ተበታትኖ ይጠፋ የነበረውን በአንድ ላይ አኑሮልናልና። ነገር ግን አንባቢው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ቤተ መንግሥትና እንግዳ ያነሡት ፎቶግራፍ መኪናን የሚያሳየው በመኪናው ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ወገን ሆኖ ነው። ከመንገድ ዳር ቆሞ አቧራው የደረሰበት ሰው ምን እንዳየ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከዚያ ዘመን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ያንን ሰው ማግኘት የምንችለው እርሱ ራሱ በሥዕሉ ዳር ሲገባ ብቻ ነው፤ ዳሩን ቈርጦ መኪናውን አጉልቶ የሚያሳትም አሳታሚም የሚቈርጠው ይህን ምስክር ነው።

ዳሩ ስንት ነገር እንደሚናገር ለማስረዳት ወደ ለገሃር እንውረድ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የምናውቀው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው ግን በ1922 ዓ.ም. ነው። በጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ቆመ፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነቅለው ወደ ሮማ ወሰዱት፤ ከብዙ ዓመታትም በኋላ ተመልሶ በስፍራው ቆመ። እንግዲህ በለገሃር አደባባይ የቆመ መኪና ፎቶግራፍ ቢገኝና ጀርባው ላይ ምንም ባይጻፍበት አንበሳው ራሱ ይመሰክራል። አዲሱ ጣቢያ ኖሮ አንበሳው ከሌለ፣ ሥዕሉ ወይ ከንግሡ በፊት ባለው አጭር ጊዜ፣ ወይም ሐውልቱ በሮማ በነበረባቸው ዓመታት የተነሣ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ደግሞ መኪናው ይፈርዳል፤ ትርፍ ጎማውን በጎኑ የተሸከመ፣ ከበሩ በታች ረዥም መርገጫ ያለው ከሆነ የፊተኛው ዘመን ሊሆን ይችላል፤ አካሉ ክብ ሆኖ መርገጫው የጠፋ ከሆነ ግን የኋለኛው ነው። ድንጋዩ መኪናውን ያስረዳል፤ መኪናውም ድንጋዩን ያስረዳል። አንዱን ከሌላው ነጥሎ የሚያሳይ ሰው ሁለቱንም ዲዳ ያደርጋቸዋል።

የመንገዱም አያያዝ እንዲሁ ምስክር ነው። በአገራችን መኪና በመንገድ ግራ ይሄድ የነበረው ልማድ ተለውጦ በቀኝ እንዲሄድ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪኖቹ በግራ ሲሄዱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ከዚያ ዓመት በፊት የተነሣ መሆኑን ያመለክታል። ነገር ግን በዚህ ፍርድ መቸኰል አይገባም፤ ፊልሙ ተገልብጦ የታተመ እንደ ሆነ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ፊደል ነው። የሱቁ ስም ወይም የመኪናው ታርጋ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ሥዕሉ ትክክለኛ ነው፤ ፊደሉ ጀርባውን ከሰጠ ግን አታሚው ተሳስቷል። ታርጋውን የሚያህል የማይረባ መስሎ የሚረባ ነገር በፎቶግራፍ ላይ የለም።

አሁን ወደ ካዛንችስ እንምጣ። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው። «ኢንቺስ» የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚያሠራበት ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን ለወራሪው ሹማምንትና ጸሓፊዎች በተሠሩት ቤቶች የተጠራው ሰፈር፣ ወራሪው ከሄደ በኋላ ስሙ በአማርኛ አፍ ተለስልሶ «ካዛንችስ» ሆኖ ቀረ። በመኪናም ነገር እንዲሁ ሆነ። ኦቶሞቢልና ሾፌር የሚሉት ቃላት ከፈረንሳይ አፍ የመጡ ሲሆኑ፣ መኪና፣ ጎማ፣ ታርጋ፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት ከጣሊያን አፍ የቀሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የጥቂቶች ቃላት ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን በጋራዥና በመንገድ የሚሠራው የብዙው ሕዝብ ቃላት ሆኑ። መኪና ከአደባባይ ወደ ዕለታዊ ኑሮ የወረደበትን ጊዜ ቋንቋው ከፎቶግራፉ አብልጦ መዝግቦታል።

የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አብዛኛው የወራሪው ወታደሮችና ሠራተኞች ያነሡት ነው። ሥዕሎቹ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለውን የፊያት ካሚዮንና በተርታ የቆሙ መኪኖችን ደስ ብሎአቸው ያሳያሉ። ይህን የሚያይ ሰው «መንገዱን እነርሱ ሠሩልን» የሚል ሐሳብ በልቡ ሳያውቅ ያድርበታል፤ ሥዕሉ የተነሣውም ይህን እንዲያሳድር ነበር። ሐያሲ ሆይ፥ ከዚህ ላይ ንቃ! አስፋልቱ ይታያል፤ አስፋልቱ ለማን ጦር እንደ ተነጠፈ፣ ከተማውም በዘር ተከፍሎ አገሬው ከየት እንዲገለል እንደ ታቀደ ግን አይታይም። ካሚዮኑ ይታያል፤ ድንጋዩን የፈለጡት እጆች አይታዩም። ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል፤ ነገር ግን አሳይቶ የሚሸሽግበት ጊዜ አለ።

ከነጻነት በኋላ ግን መኪናው በሌላ ሰው እጅ መታየት ጀመረ። የፎቶግራፍ መሣሪያ እየረከሰ፣ የፎቶግራፍ ቤትም በየሰፈሩ እየተከፈተ ሲሄድ፣ ቤተ ሰብ ሁሉ አልበም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከከተማው ነዋሪዎች አልበም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችን ለአደባባይ በማብቃቱ ከፓንክኸርስትና ከዤራር መጽሐፍ ቀጥሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። የፊተኛው የቤተ መንግሥቱን በር ከፈተልን፤ ይህኛው የሳሎኑን በር ከፈተልን። በእንዲህ ዓይነቱ አልበም ውስጥ መኪናው ከጌታነት ወርዶ የቤተ ሰብ ወዳጅ ይሆናል። ወጣቱ በኮፈኑ ላይ ክንዱን ያሳርፋል፤ ሕፃኑ በፓራፋንጎው ላይ ይቀመጣል፤ እኅትማማቾች በሩን ከፍተው በመካከል ይቆማሉ። በጥንቱ መኪና ሰው በመርገጫው ላይ ቆሞ ይነሣ ነበር፤ መርገጫው ሲቀር ሰውነቱን በኮፈኑ ላይ አስደገፈ። የሰው አቋቋም የመኪናውን ቅርጽ ተከትሎ እንደ ተለወጠ ከአልበም በቀር የሚነግረን መጽሐፍ የለም።

ነገር ግን ይህንንም በማስተዋል ማንበብ ያሻል። በመኪና ተደግፎ የተነሣ ሁሉ ባለ መኪና አይደለም። የጎረቤት መኪና፣ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ በመንገድ ቆሞ የተገኘ የማይታወቅ ሰው መኪና፣ ሁሉም ለፎቶግራፍ ይሆን ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ምኞት ነው፤ ምኞትም የታሪክ አንድ ክፍል ነው። በሠርግ ቀን መኪናው በአበባ ተሸልሞ ሙሽሮቹን ይዞ ክላክሱን እያሰማ ሲሄድ፣ ቀድሞ በቅሎዋ የያዘችውን የክብር ስፍራ መውረሱን ያሳያል እንጂ የሙሽራውን ሀብት አያስረዳም። ደግሞ በእነዚህ ሥዕሎች ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የለም። መኪናውን የነዳው፣ ያጠበው፣ ጎማውን የነፋው፣ ለሥዕሉም ሲል ወደ ጥላው ፈቀቅ ያለው እርሱ ነው። ጥላው ብቻ በመሬቱ ላይ የታየ እንደ ሆነ የጥላውን ባለቤት ስም መጠየቅ ይገባል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉድለት እንናገር። ሰው ፎቶግራፍ የሚነሣው ከዕለታዊ ኑሮው ከፍ ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ብዙው ሕዝብ በየቀኑ የተሳፈረበት መኪና ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ አለው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የከተማውን ሰው ያመላለሰው አንበሳ አውቶቡስ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ሰይቼንቶ ታክሲ፣ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ «ውይይት» የተባለችው መኪና፣ እነዚህ ሁሉ በአልበም የሚገኙት በስሕተት ነው፤ ሙሽራው ሲነሣ በስተጀርባ ሲያልፉ ነው። ነገር ግን የከተማው ሕይወት በእነርሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታይቷል፤ የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ አድማው የዚያን ዓመት ታላቅ ለውጥ ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ ሆነ። አንድ ሊትር ቤንዚን የመንግሥትን መሠረት ሲያናጋ ያየ ሰው «የዕለት ተዕለት ነገር ታሪክ አይባልም» ሊል አይችልም።

ከዚያም ሰባት ወር ሳይሞላ በቂርቆስ በኩል ባለው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የሆነው ነገር ለዚህ ዐሳባችን ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ተነግሮአቸው ከቤተ መንግሥቱ የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ያን ሰዓት የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታይቷል። ሥዕሉን የሚያከብደው ምንድር ነው? መኪናው ከተራ መኪና የማይለይ መሆኑ ነው። ቮልስ በአዲስ አበባ የአስተማሪው፣ የጸሓፊው፣ የነጋዴው መኪና ነበረ። ሁለት በር ብቻ ስላለው ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱን ወንበር አስጐንብሶ፣ ራሱም ጐንበስ ብሎ መግባት አለበት። የከተማው ሰው ሁሉ ይህን ጐንበስ ማለት በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ማንም ሳይነግረው ምን እንደ ሆነ ተረዳ። በ1923 ዓ.ም. ለንግሣቸው በዓል ከጀርመኑ ቄሣር ቤት የመጣ ሠረገላ የቀረበላቸው ንጉሠ ነገሥት፣ በመጨረሻው ቀን ጐንበስ ብለው በሕዝብ መኪና ገቡ። ቮልስ በየሰፈሩ እንዴት እንደሚነዳና እንደሚገባበት የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ሥዕሉን ያያል፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ያነባል። የዕለታዊ ኑሮ ዕውቀት ለታላቁ ታሪክ ፎቶግራፍ መዝገበ ቃላት ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ መዝገበ ቃላት እንዳይጠፋ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። የካዛንችስ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ አልበማቸውን ይዘው ሄደዋል። ሥዕሉ አብሮ ሄዷል፤ ሥዕሉን ያስረዳ የነበረው የሰፈሩ ጥግ፣ አጥሩ፣ ዛፉና ጎረቤቱ ግን በአንድ ላይ የሉም። ቀድሞ «ይህ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በመስኮት ወደ ውጭ ቢያይ መልሱን ያገኝ ነበር፤ ዛሬ መልሱ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አልበም ያለው ሰው ከአባቱና ከእናቱ ጋር ተቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ቀለም ወደ ፊት ያልፋልና በእርሳስ፣ ይጻፍ። መኪናው ምን እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላም የሚያውቅ አይጠፋም፤ ቅርጹ ይናገራልና። ሌላው ሰው ሊያውቅ የማይችለውን አስቀድሞ ይጻፍ፤ በየትኛው በር ፊት እንደ ቆመ፣ ወዴት ሊሄድ እንደ ነበር፣ ማን እንደ ነዳው፣ ማን እንዳነሣው፣ በዳር የቆመው ልጅ የማን ልጅ እንደ ነበረ።

ፎቶግራፍ ሰብስበው የሚያሳትሙ ሰዎችም እንደዚሁ ከዳር ይጀምሩ፤ ዳሩን አይቍረጡ፤ ባለ መኪናውን በስም ጠርተው የቀሩትን «ሌሎች ሰዎች» ብለው አይለፏቸው። በካዛንችስ አጥር ፊት መኪና ተደግፎ የተነሣው ወጣት ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ስሙንና የሰፈሩን ነገር ጠይቆ ለመጻፍ ጊዜው ገና አላለፈም።